ከአማኑኤል እስከ ኮተቤ፦ በከተማው ጫፍ ላይ የተደረገ ጉዞ

ሐሙስ

ከአውቶቡስ ተራ ወደ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት እግር ማሳረፊያ አይገኝም። ተሸካሚው «ወደ ዳር! ወደ ዳር!» እያለ ይጮኻል፤ ጆንያ የተቆለለበት ጋሪ ከኋላ ይደርሳል፤ የሚኒባስ ረዳቱ «አስኮ፣ አስኮ፣ በጳውሎስ» እያለ ይጣራል። ይህ ሰፈር አንድ ጊዜ የከተማ ዳርቻ ነበር ቢባል የሚያምን ሰው አይገኝም። ግን ነበር።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማዋን ለነጭ አንድ፣ ለአገሬው ሰው አንድ አድርጎ ለመክፈል ተነሣ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ ከዚያ ውሳኔ የተወለደ ገበያ ነው። አማኑኤል ሆስፒታልም የተቋቋመው በዚያው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚያው በኩል ነው። ገበያውም፣ ሕዝቡም፣ የአእምሮ ሕመምተኛውም ወደ አንድ አቅጣጫ ተገፉ።

ይህን ጉዞ እንዳስብ ያደረገኝ ካርታ ነው። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕመምተኛ የታከመበትን፣ የተጠመቀበትን፣ የተጠለለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ሳደርግ፣ ምልክቶቹ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከበቧት። አማኑኤል በምዕራብ፣ ገፈርሳ ከዚያም አልፎ በአምቦ መንገድ፣ እንጦጦ በሰሜን ተራራው ላይ፣ ኮተቤ በምሥራቅ። ከተማዋ እየሰፋች አንዱን ስትደርስበት፣ ሌላው ከእሷ ፈቀቅ ብሎ ይሠራል። ለምን እንዲህ እንደሆነ በእግሬ ሄጄ ማየት ፈለግሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ቀጠሮ ስላለው ከእናቱ ጋር ገባሁ። እትዬ ቀጠሮውን ለዓመታት አላዛነፉም፤ ፔርሙዝ ሻይ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ፣ ጫፉ የተበላ የቀጠሮ ወረቀት፤ ሁሉም በየቦታው አለ። ልጁ ፀጥ ብሎ ተቀምጧል። ተመላላሽ ታካሚዎች በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ፤ የባሌው ከጎጃሙ ጋር ዳቦ ይቆራረሳል።

ከፊት ለፊታችን አንድ ጎልማሳ ከወንበሩ ይነሣል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ተቀምጦም እግሩ መሬቱን መርገጡን አያቆምም። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ «በሽታው ነው እኮ የሚያንቀዠቅዠው፤ ምን ይደረጋል» አሉ። እንዲህ ያለው መቁነጥነጥ ግን ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የሚመጣ ነው። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ እያገዱ ነው በጆሮ የሚመጣውን ድምፅ የሚያዳክሙት፣ የሚያሳድደውን ጥርጣሬ የሚያበርዱት። ያው ዶፓሚን የሰውነት እንቅስቃሴንም ስለሚመራ እግር ዕረፍት ያጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፊት እንደ ጭምብል ይደርቃል። መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር፣ ወይም ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፈኒዲል፣ ለመቁነጥነጡ ፕሮፕራኖሎል መጨመር ይቻላል። ይህ ሳይነገረው የሄደ ሰው ኪኒኑን ይጥላል፤ ሲጥል ይታመማል፤ ሲታመም «መድኃኒቱም አልሠራለት» ይባላል። ለሴትዮዋ ይህን ነገርኳቸው። «ታዲያ ለሐኪሙ ይንገረዋ!» ብለው ተነሥተው ወደ ሰውዬው ሄዱ።

አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ይህ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ከሑመራ፣ ከጋምቤላ፣ ከጅጅጋ የታመመ ሰው ወደዚህ ለመድረስ በአውቶቡስ ቀናት ይጓዝ ነበር፤ ያውም ለመሳፈር ከተፈቀደለት። እጁን በነጠላ አስረው፣ ከግራና ከቀኝ ወንድሞቹ ይዘውት፣ ተሳፋሪው ፊቱን እያዞረ። ከዚያ ደርሶ አልጋ ሊሞላበት ይችላል። ፍርድ ቤት «ይህ ተከሳሽ አእምሮው ጤነኛ ነው ወይ» ብሎ ሲጠይቅም የሚላከው ወደዚሁ ነበር።

ከዚህ ግቢ ወደ ውጭ የተከፈተው የመጀመሪያው በር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በ1979 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በተደረገ ትብብር እዚህ የሠለጠኑ ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሄደው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። የሐኪሞቹ ጉዳይ ከዚያም ዘገየ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። የነርሶቹ ስም በየትኛውም ሐውልት ላይ አልተጻፈም፤ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ዓርብ

ዛሬ ወደ ምዕራብ። ጳውሎስን፣ ዊንጌትን፣ አስኮን አልፎ መንገዱ ወደ ቡራዩ ይወጣል። ድሮ በዚህ መንገድ ስሄድ አስኮ ላይ ከተማው ያልቅ ነበር፤ አሁን ሕንፃው ሳይቋረጥ ቡራዩ ይገባል። ቡራዩም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ ይጀምርና በስተቀኝ የገፈርሳ ውኃ ብልጭ ይላል።

ገፈርሳ ከለገዳዲ ግድብ በፊት የአዲስ አበባን ጉሮሮ ያርስ የነበረ ግድብ ነው። ከተማዋ ከዚህ ውኃ ትቀዳለች፤ ወደዚህ ደግሞ የሚመልሳቸው ቤተሰብ ያጡ ሕሙማኗን ልካለች። የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል ከመሀል ከተማ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ሕመማቸው የቆየ፣ ከሆስፒታል ቢወጡም የሚሄዱበት የሌላቸው ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ነው።

ወደ ግቢው ሳልገባ በፊት በአቅራቢያው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጋር ጎራ አልኩ። በሕሙማን ማቆያ በረዳትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው ቡናውን አቀራርበው፣ ገብስ ቆሎ አዘጋጅተው ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ከባዱ ሥራ ምን ነበር?»

«ሰው የሚረበሸውን ይፈራል» አሉኝ፣ ቆሎውን በመዳፋቸው እያሹ። «የሚረበሸው አያስቸግርም ልጄ። መርፌውን ይወጋል፣ ይተኛል፣ በሳምንቱ ሰላምታ ይሰጥሻል። ያስቸገረን የዳነው ነው።»

«እንዴት የዳነው?»

«ዳነ እንበል። ‹ቤቴ ውሰዱኝ› ይላል። መዝገቡ ላይ አድራሻ አለ፤ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። መኪና ይዘን እንሄዳለን። ቁጥሩ የለም። ወይም ቤቱ አለ፣ ቤተሰቡ የለም። አንዳንዴ ደግሞ ቤተሰቡም አለ፤ ‹አናውቀውም› ይሉሻል፣ እሱ በመስኮት እያያቸው።»

ባለቤታቸው ጀበናውን ማዘንበላቸውን አቆሙ። «ይሄን አታንሣባት አልኩህ።»

«ታውቀው እንጂ።»

ቤተሰቡን ለመኮነን ምላሴ አልታዘዘልኝም። አልጋ የለም፣ ኪኒን የሚገዛበት የለም፣ ጎረቤት ‹ልጃገረድ አለችኝ፣ አርቁልኝ› ይላል፣ ለእኅቱ የመጣው ሽማግሌ «በዘራቸው እብደት አለ» ሲባል ይመለሳል። ሰው ወንድሙን የሚክደው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሸክሙን ብቻውን እንዲሸከም ስለተተወም ነው። ይህን ስል ግን በመስኮት ያየው ሰው የሆነበትን አላሳንስም።

በማዕከሉ አካባቢ ሰዓቱ ዝግ ብሎ ይሄዳል። የታጠበ አንሶላ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሁለት ወንዶች በጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ፤ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ የአንዱ ወደ ላይ፣ የሌላው የተገለበጠ። የተገለበጠውን የያዙት ሸበቶ ሰው በዝምታ ሦስት አከታትለው በሉና ቀና ብለው፣

«ከየት ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ፣ አባባ።»

«ልደታ አሁንም አለ?»

«አለ። ቤቶቹ ግን ፈርሰው ፎቅ ተሠርቷል።»

«ሁሉም?»

«አብዛኛው።»

ወደ ዳማው ተመለሱ። የኮንዶሚኒየምና የመልሶ ማልማት ታሪክ በከተማችን ብዙ ጊዜ ይወራል፤ ቀበሌው ሲፈርስ በአንድ ሰው መዝገብ ላይ የነበረው የመጨረሻ የቤት ቁጥር አብሮ እንደሚፈርስ ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። የሸበቶው ሰው ቤተሰቦች እውነተኛውን አድራሻ ሰጥተው ሊሆን ይችላል። አሁን የት ይፈለጋሉ?

ቅዳሜ

ከሽሮ ሜዳ የመጀመሪያው ሚኒባስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ይነሣል። ነጠላ ያልለበሰ ተሳፋሪ የለም። ባዶ ጀሪካን ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ የሚያወራ የለም፤ ሾፌሩ መዝሙር ከፍቷል። መንገዱ በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከጨለማው ውስጥ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በመኪናው መብራት ብቅ ይሉና ያልፋሉ።

እንጦጦ አዲስ አበባ ሳትኖር ከተማ ነበር። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውኃው ወረደ፤ ተራራው ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለእንጨት ለቃሚዎቹና ለጸበልተኞቹ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አሁን ከወዲያ በኩል ሰው ያመጣል፤ ከወዲህ በኩል ያለው ሰው ግን ለሽርሽር አልመጣም።

ጸበሉ ጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ሰው ልብሱን አውልቆ ተራውን ይጠብቃል። አጥማቂው ውኃውን ሲረጩ የሚጮህ አለ፤ የሚስቅ አለ፤ መሬት የሚወድቅ አለ። «ልቀቅ!» ይላሉ፤ «አለቅም!» ይላል በሴት አንደበት የወፈረ ድምፅ። ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው፤ ዛሬም ሲሰማኝ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ከወረፋው ውጭ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከሰላሌ ነው የመጡት። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ጣቱ ቀጭን። በናይለን ገመድ የልጁ ቀኝ እጅ ከአባቱ ወገብ ጋር ታስሯል። ቀረብ ብዬ ስመለከት ገመዱ በቀጥታ ቆዳው ላይ አላረፈም፤ ከሥሩ የነጠላ ጥለት ሦስት ዙር ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ጥለቱ ንጹሕ ነው፣ ታጥቧል። አባትየው ሲያስረዱኝ «እንዳይልጠው» አሉ። በሌሊት ተነሥቶ ወደ ገደል ሮጦባቸው ያውቃል። ማታ ሲተኙም አይፈቱትም፤ ልጁ ሲገላበጥ እሳቸውም ይነቃሉ።

«ሐኪም አይቶት ያውቃል ወይ አባቴ?»

«አንድ ጊዜ ወስደነው ኪኒን ሰጡት። ተሻለው። ከዚያ ‹ጸበል ከጀመርክ መድኃኒት አይሆንም› አሉንና ተወ።»

«ማነው ያለው?»

«ሰው።»

ይህ «ሰው» ስንቱን ገደለ። ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን እዚሁ እንጦጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን በኪራይ ጎጆ ተቀምጠው ሲጠመቁ፣ ብዙዎች የጀመሩትን መድኃኒት ጥለው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ፤ ብዙ ነፍስ ከዚያ በኋላ ተርፏል። በአእምሮ ሕመም በኩልም በዚህ ተራራ ላይ ተመሳሳይ መንገድ ተሞክሯል፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ከእንጦጦ ማርያም አጥማቂ ካህናት ጋር እየተመካከሩ፣ ካህናቱ ሕመምተኛ ወደ ክሊኒክ እየላኩ፣ ሐኪሞቹም ታካሚው መጠመቁን እንዳይተው እያከበሩ ሠርተዋል። ማንም ማንንም ለማሸነፍ አልተነሣም።

ጥምቀቱ ሲያልቅ አንዱን ካህን መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ኪኒን የሚውጥ ሰው መጠመቅ ይከለከላል?»

«ማን ይከለክላል ልጄ? ጾሙን መግደፍ እንኳ ለበሽተኛ ይፈቀድለታል። ኪኒኑን በጸበሉ ይዋጠው።»

አባትየውን ይዤ መጥቼ ይኸንኑ በጆሯቸው እንዲሰሙ አደረግሁ። ካህኑ ደግመው ነገሯቸው፤ ልጁንም በመስቀሉ ዳበሱት። ክሊኒኩን እንዲያሳዩን አንድ ዲያቆን ጠሩልን።

ስለ ገመዱ ስጽፍ እጄ የከበደው ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በመንዝ፣ ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል፣ እግሩ በብረት ከምሰሶው ጋር ታስሮ ዓመታት አሳልፏል። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ምሳውን ሳታጎርሰው በልታ አታውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ይህን ያውቃል። በአንቀጽ 341 በሆስፒታል ወይም በተቋም በአእምሮው ሁኔታ የተያዘን ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት ቀበሌ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንዳይንቀሳቀስ ያገደው ሰው እንዲሁ ይታያል። ሕግ አውጪው ሆስፒታል በሌለበት ቤተሰቡ ሆስፒታልም ጠባቂም እንደሚሆን አይቶ ጻፈው። ያላየው ያ ቤተሰብ መድኃኒት የሌለው ሆስፒታል መሆኑን ነው።

በኋላ አጎቴን ወደ አማኑኤል አመጡት። ክሎርፕሮማዚን ተሰጠው። ተመልሶ አረሰ፣ ዳዊት ደገመ፣ እኔን ፊደል አስቆጠረኝ። ሁልጊዜ ሰፊ ባርኔጣ ያደርግ ነበር፤ ቤት ውስጥ ገብቶ እንኳ ማውለቁን ይረሳዋል፣ ልጆችም ይስቁበት ነበር። ክሎርፕሮማዚን የወሰደን ሰው ቆዳ ፀሐይ ቶሎ እንደሚያቃጥለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ነርስ መክረውት፣ ምክራቸውን ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዘነበወርቅ ወረድኩ። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ከጣልያን ወረራ በፊት ሲተከል ቦታው ከከተማ ውጭ ሜዳ ነበር፤ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የአለርት ማሠልጠኛ ተጨመረበት። ሕሙማኑ ከሕክምናው ላለመራቅ ዙሪያውን ሰፈሩ፣ ወለዱ፣ ሸማ ሠሩ፤ ከተማውም መጥቶ ደረሰባቸው። ዛሬ ከአለርት በር ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ለምን ይህ ሆስፒታል እዚህ ሆነ ብሎ አይጠይቅም።

የሥጋ ደዌን ያነሣሁት ስለሚመሳሰል ነው። መድኃኒቱ ተገኘ፣ በጤና ጣቢያ በነፃ መሰጠት ጀመረ፣ ሕመምተኛውን አርቆ የማስቀመጥ ምክንያቱ አለቀ። የአእምሮ ሕመምም መድኃኒቱ ከተገኘ ሰባ ዓመት አለፈው።

ሌላው የዛሬ ቀን ዕረፍት ነበር።

ሰኞ

በመገናኛ በኩል ወደ ኮተቤ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የተሠራው የአማኑኤልን ጭንቅ እንዲያቀልል፣ የአእምሮ ሕክምናው በምሥራቅ በኩልም እንዲገኝ ታስቦ ነው። ሕንፃው ግን በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀው በሌላ ነገር ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ፣ አልጋዎቹ ለኮቪድ ማቆያና ሕክምና ዋሉ። ለወራት «ኮተቤ ተወሰደ» ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ኮቪድ አስገድዶ ነው፤ በጊዜው ሌላ ቤት አልነበረም። ግን ልብ በሉ፦ ድንገት ቤት ሲያስፈልግ ቀድሞ የሚለቀቀው የማን አልጋ ነው? አሁን አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኖ የአእምሮ ሕክምናውንም ይሰጣል። ለእኔ ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብ ይሻላል። ጉንፋን የያዘው ልጅ፣ የምትወልድ ሴት፣ ድምፅ የሚሰማው ወጣት በአንድ በር ሲገቡ በሩ ላይ የቆመው ሰው ማን ለምን እንደመጣ አያውቅም።

ከዚያ ወደ አያት ቀጠልኩ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዚህ በኩል ነው። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ግቢ ጥቂት ሰዎችን ከጎዳና አንሥቶ የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩበት ሆኗል። እሑድ እሑድ ልደቱን፣ ሠርጉን፣ ሙት ዓመቱን እዚያ ሄዶ የሚያሳልፍ የከተማ ሰው ብዙ ነው፤ ምሳ ያበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ይህን አልነቅፍም፤ ሰው ከፈራው ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቁረሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከጎዳና ከተነሣው ሰው በፊት፣ ገና ከቤቱ ያልወጣው አለ። እሱ ጋ ማን ይደርሳል?

መልሱ ጤና ጣቢያ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 68,378 ሰዎችን ጠይቀው ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን፣ ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያሳድር ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። አማኑኤል ሌላ ፎቅ ቢጨምር የቡታጅራ ገበሬ አይደርስበትም። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተከትሎ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ የማሠልጠን ሥራ ተጀምሯል። በየወሩ አንድ ጊዜ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የሚባል መርፌ አለ፤ ኪኒን መዋጥ ለሚረሳ ወይም ለሚሰለች ሰው ይመቻል። ለዚህ መርፌ የከተማ ዳርቻ ሆስፒታል አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣ እንኳ አይፈልግም። የሚፈልገው ያልተቋረጠ አቅርቦትና «ለምን ቀረህ?» ብሎ ስልክ የሚደውል ነርስ ነው። ትልቁ ጉድለታችን እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ አንድ ወር ይገኛል፣ ሁለተኛው ወር ያልቃል፤ የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወራለች፣ የተተካችው አልሠለጠነችም።

በኮተቤ መንገድ ዳር ቆሎ ከምትሸጥ ሴት ገዝቼ ቆሜ ስበላ ማስታወሻዬን አየችና ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዙሪያዋን ቃኝታ ድምፅዋን ቀነሰች።

«እኅቴ፣ እኔም ወንድም አለኝ። ሰንዳፋ ነው። ከቤት አይወጣም፤ ብቻውን ያወራል። ምግቡን መርዝ አለበት ይላል። እማዬ ቀድማ ቀምሳ ነው የምታበላው።»

«ስንት ጊዜው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። አማኑኤል እንዳንወስደው ሰው ይሰማል ብላ እማዬ እምቢ አለች።»

«አማኑኤል አትጀምሩ። ሰንዳፋ ጤና ጣቢያ ሂዱና የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ከሌለ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልሻል። እሱ መምጣት እምቢ ካለ እናንተ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት የሚያስብ ከመሰላችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።»

«ገንዘቡስ?»

«ጤና መድኅን አላችሁ?»

«እማዬ አላት። ደብተሩ ላይ እሱም ተጽፏል።»

«እንግዲያው ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።»

በቆሎ መጠቅለያው ወረቀት ላይ የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጻፍኩላት፦ የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ፤ መድኃኒቱ በየወሩ ይገኛል ወይ፤ ሲቁነጠነጥ ወይም ሰውነቱ ሲደርቅ ለማን እንንገር፤ ጸበል አብሮ ይወስዳል። አራተኛው ጥያቄ አይደለም፤ እናትየው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን እንደሚሆን ስላወቅሁ ነው። አንብባ ወረቀቱን አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከገንዘቡ ጋር ከተተችው። ረቡዕ ገበያ የለም፣ ረቡዕ እሄዳለሁ አለችኝ።